ባዶ ስለሚባለው መሬት፦ ለወጣት የፕላን ባለሙያዎች

ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ በየክልሉና በየወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ለምትመደቡ ልጆቼ ይህን እጽፋለሁ። እኛ በእግራችን ዞረን በሳምንታት የምንለካውን መሬት እናንተ በሳተላይት ምስል በአንድ ቀን ታነቡታላችሁ፤ በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ በካርታው ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ በአንድ ቀለም የሚቀባው ቦታ ነው። በሥራ ዘመኔ ካየሁት ጉዳት ብዙው የመጣው ከዚያ ቀለም ነው።

የአዋሽን ሸለቆ ተመልከቱ። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር መመረት ጀመረ፤ በ1952 የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ፤ በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ፣ የአሚባራና የተንዳሆ ጥጥ ተከተሉ። ሀገሪቱ ስኳሩም ጥጡም ያስፈልጋት ነበር። ለእርሻው የተመረጠው ግን ውሃ የሚደርስበት የወንዝ ዳር ሜዳ ነው። የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች ደግሞ ዝናብ ሲጥል ጎርፉንና ትንኙን ሸሽተው መንጋቸውን ይዘው ይርቃሉ፤ ወደ ወንዙ የሚመለሱት በጋው ሲጠና ነው። በክረምት ለመጣ ቀያሽ ያ ሜዳ ሰው የሌለበት ይመስላል። ለባለቤቶቹ ግን የክፉ ቀን ግጦሻቸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የወንዝ ዳሩ ከጠቅላላው የግጦሽ መሬት ትንሽ ድርሻ ብቻ ስለሆነ በሄክታር ለሚቆጥር ሰው ጉዳቱ ቀላል ነው። ያችን ቁራጭ ያጣ አርብቶ አደር ግን በደረቁ ወራት መንጋውን የሚያውልበት የለውም፤ የቀረው ሰፊ ሜዳ የሚጠቅመው ዝናብ ሲኖር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ የአፋር ከብት ያለቀው ዝናብ ስለቀረ ብቻ አልነበረም፤ በድርቅ ጊዜ ይሸሽበት የነበረው ቦታ በእርሻ ተይዞ ስለነበረም ነው። ልማቱ ለሀገር መጣ፤ ዋጋውን አንድ አካባቢ ከፈለ። ሚዛናዊ የክልሎች ልማት ስንል እንዲህ ያለውን ሒሳብ አስቀድሞ ማየት ማለታችን ነው።

በኋላ ደግሞ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ መጣ። ዛሬ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሰፊ ግጦሽ ወርሶ ሣር አሳጥቷል። በምስላችሁ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያችኋል። እባካችሁ «የደን ሽፋን ጨመረ» ብላችሁ ሪፖርት አትጻፉ። አረንጓዴው ምን እንደሆነ በዚያ ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ጠይቁት።

መሬትን ለተወሰነ ጊዜ ሳይነኩ መተው ራሱ አጠቃቀም እንደሆነ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ያለው የጋራ የሣር መሬት፣ የመንዝ ጓሳ ያስተምራል። መንዞች ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ከልክለው፣ ሣሩ ለክዳንና ለገመድ ሲደርስ በጋራ ውሳኔ ይከፍቱት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አዳከመው፤ ማኅበረሰቡ ግን በኋላ በራሱ ኮሚቴና መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቆመ። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስካሁን እዚያ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ጓሳው ተዘግቶ በነበረበት ዓመት የሄደ ባለሙያ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር?

ሕጉ ከጎናችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ዕቅድ ሕዝብ ሙሉ ምክክር እንዲያደርግ ይላል። የሚከብደው አፈጻጸሙ ነው። በአዳራሽ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሕዝቡ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ካርታ ተሰቅሎ፣ ውሎ አበል ተከፍሎ፣ «ኅብረተሰቡ ተሳትፏል» የሚል ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ሲያበቃ አይቻለሁ። ይህ ተሳትፎ አይደለም፤ ሕዝብን ማስፈረም ነው። ይህን ስጽፍ ዛሬም እቆጣለሁ።

እናንተ ስብሰባውን በገበያ ቀን አታድርጉ። እንጨትና ውሃ የሚያመጡት ሴቶች ስለሆኑ ለብቻቸው አነጋግሯቸው፤ በወንዶች ፊት የማይነገር የመንገድና የምንጭ ነገር ይነግሯችኋል። ከሽማግሌዎች ጋር ከተፋሰሱ አናት እስከ ግርጌው በእግር ውረዱ። ረቂቁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ያልተስማማውንም ሰው ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩት። ዕቅዱ ማን ምን እንደሚያገኝ ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንደሚያጣና ምን እንደሚተካለት በግልጽ ይጻፍበት። አለቃችሁ ይህ ክፍል ይውጣ ቢል እንኳ ተከራከሩ።

ወረዳችሁንም ብቻውን አታቅዱ። የላይኛው ተፋሰስ ገበሬ ገደሉን ሲያርስ የሚታጠበው አፈር ቆቃን ይሞላል፤ የግድቡ ደለል የመብራቱም የመስኖውም ችግር ነው። ላዩ እርከን እንዲሠራ ከተፈለገ ታቹ ከሚያገኘው ጥቅም የሚደርሰው ነገር ሊኖር ይገባል። ይህን የሚያደራድር መድረክ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ከጎረቤት ወረዳ ባልደረባችሁ ጋር ግን ከአለቃ ደብዳቤ ሳትጠብቁ መነጋገር ትችላላችሁ፤ ሁለታችሁ ካርታችሁን ጎን ለጎን ብትዘረጉት ወንዙ ወሰን ላይ ሲደርስ የት እንደጠፋ ታያላችሁ።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ሲሰጣችሁ ለመስክ ጉዞ በጀት ጠይቁ፤ አንዱ ለሐምሌ፣ አንዱ ለየካቲት። «አንዱ ይበቃል» የሚል መልስ ከመጣ የካቲትን ምረጡ፤ ያን ጊዜ በካርታችሁ ላይ ባዶ ወዳላችሁት ቦታ ከብቶቹ ይመጣሉ፤ ባለቤቶቹንም እዚያው ታገኟቸዋላችሁ።