በሚኒሶታ የበረዶ ወራት የት እንሂድ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በረዶ መጣል ከጀመረ ወዲህ ከሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ናቸው፦ አራት አምስት ወር ሙሉ ቤት ዘግተን ከምንቀመጥ ምን እናድርግ? ሚኒሶታ በዚህ በኩል የምትታማ አይደለችም። ከታች የምንጠቅሳቸው ወራትና ሰዓቶች በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው። የበዓላቱ ቀን በየዓመቱ ይቀያየራል፤ አየሩ ሲሞቅም የሚሰረዙ አሉ። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የአዘጋጆቹን ድረ ገጽ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች አሉን፤ የመጨረሻዋ አራት ዓመቷ ነው። የሴንት ፖሉን ዊንተር ካርኒቫል በስም እንጂ በዓይን አናውቀውም። መቼ ብንሄድ ይሻላል? ብዙ ገንዘብስ ያስወጣል?
*እናት፣ ከሜፕልዉድ*

መልስ፦ አብዛኛው ነገር በነፃ ነው። ካርኒቫሉ በጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ያበቃል። የተጀመረው በ1886 ነው። በዋዜማው ዓመት አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ሴንት ፖልን ከሳይቤሪያ ጋር አመሳስሎ፣ በብርዱ ወራት ሰው አይኖርባትም ብሎ ጽፎ ነበር። ከተማዋ በግግር በረዶ ቤተ መንግሥት ሠርታ መለሰችለት።

ከልጆች ጋር የሚታየው ዋናው ነገር መሀል ከተማ ራይስ ፓርክ ውስጥ ከግግር በረዶ የሚቀረጹት ምስሎች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሂዱ፤ ለሁለተኛው ሳምንት አታቆዩት። ሙቀቱ ከ32 ፋራናይት ባለፈ ቁጥር የምስሎቹ ጠርዝ ይሟሟል፣ እንደ መስታወት የነበረው ገላቸውም ይደበዝዛል። አንድ ፀሐያማ ከሰዓት በኋላ ብቻ ከግግር የተቀረጸን ወፍ ላባ ሊያጠፋው ይችላል። ሰዓቱ ደግሞ ምሽት ይሁን፤ መብራቱ በግግሩ ውስጥ ሲያልፍ የቀራጩ መጋዝና መሮ የሄደበት መስመር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅዳሜ ማታ ሰው ይበዛል፤ ለአራት ዓመት ልጅ የሥራ ቀን ምሽት ይሻላል።

የልጅ ጋሪ አትያዙ፤ ጎማው በረዶ ውስጥ ይቀረቀራል። በገመድ የሚጎተት ስሌድ (በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ) ይዛችሁ ውስጡ ብርድ ልብስ አንጥፉበት። ከፓርኩ ፊት ለፊት ያለው ላንድማርክ ሴንተር ሲከፈት መጸዳጃም መሞቂያም ነው፤ የሚዘጋበትን ሰዓት ቀድማችሁ እዩ።

ሰልፉ ሁለት ነው። ቀን የሚደረገው የንጉሥ ቦሪያስ፣ ማታ በችቦ የሚደረገው የቩልካኖች ነው። ቦሪያስ የብርድ ንጉሥ ነው፤ ቀይ የለበሱት ቩልካኖች በእሳት መጥተው ከዙፋኑ ያወርዱታል፣ የበዓሉ ታሪክ ይኸው ነው። ቩልካኖቹ ጥቀርሻ ተቀብተው በአሮጌ የእሳት አደጋ መኪና እየጮኹ ያልፋሉ። ለትልልቆቹ ልጆች የማታውን እንመርጣለን። ትንሿ ግን እንዳትደነግጥ ቤት ሳላችሁ ንገሯት፣ ከመንገዱ ጠርዝም ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ትልልቆቹን ልጆች ሌላም የሚይዛቸው ነገር አለ። ፓዮኒር ፕሬስ ጋዜጣ ከ1952 ጀምሮ አንድ ሜዳልያ በሕዝብ ፓርክ ውስጥ ያስደብቃል፣ በየቀኑም የግጥም ፍንጭ ያወጣል። ፍንጩ የከተማዋን ታሪክ ስለሚነካ እዚህ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ከወላጆቻቸው ይልቅ ይቀናቸዋል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በረዶ በጣለበት ምሽት በዓል ለማየት ወጥቼ ስመለስ መኪናዬ ተጎትታለች። የቆመችው ሁልጊዜ በሚቆምበት መንገድ ላይ ነበር። ምን አጠፋሁ?
*ሾፌር፣ ከሚኒያፖሊስ*

መልስ፦ ስኖው ኢመርጀንሲ፣ ማለትም መንገዱ ከበረዶ እንዲጠረግ ከተማው የሚያወጣው የመኪና ማቆም ክልከላ፣ ታውጆ ይሆናል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ አዋጁ የሚሠራው ከምሽቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት እስከ ጠዋቱ 8 ድረስ የስኖው ኢመርጀንሲ ምልክት ባለባቸው ዋና ዋና መንገዶች በሁለቱም በኩል ማቆም ክልክል ነው። በማግስቱ ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 8፣ ምልክት በሌላቸው መንገዶች የቤት ቁጥሩ ሙሉ (2፣ 4፣ 6) በሆነው በኩል፣ በሦስተኛው ቀን ጎዶሎ (1፣ 3፣ 5) በሆነው በኩል አይቆምም። በሁለተኛው ቀን የፓርክዌዮቹ (በፓርክና በሐይቅ ዳር የሚያልፉት መንገዶች) ሁለቱም ጎኖች ክልክል ናቸው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ከተጠረገ በኋላ ግን ማቆም ይቻላል።

የሴንት ፖል ደንብ ሌላ ነው። «ናይት ፕላው» (የሌሊት ጠረጋ) የሚል ምልክት ያለበት መንገድ ከምሽቱ 9 እስከ ጠዋቱ 6፣ ሌላው በማግስቱ ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 5 ይጠረጋል። የአንዱን ከተማ ደንብ ይዞ ሌላው ከተማ የሚያቆም ሰው ነው በብዛት የሚጎተትበት። ለካርኒቫሉ ከሚኒያፖሊስ የሚሄድ ሰው መኪናውን ትቶ በግሪን ላይን ባቡር ሴንትራል ጣቢያ ቢወርድ፣ ራይስ ፓርክ የጥቂት ብሎኮች የእግር መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረቦቼ ሐይቅ ላይ ዓሣ እናጥምድ እያሉኝ ነው። መኪና ሁሉ ሐይቁ ላይ ይነዳሉ። እውነት አያሰጋም? ፈቃድስ ያስፈልጋል?
*አባት፣ ከብሩክሊን ፓርክ*

መልስ፦ የሐይቁ ግግር ውፍረት ከተለካ ይሂዱ፤ ካልተለካ ይቅርብዎ። የክፍለ ግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው መለኪያ ለአዲስና ጥርት ላለ ግግር ነው፦ ለእግረኛ 4 ኢንች፣ ለስኖሞቢል ከ5 እስከ 7፣ ለትንሽ መኪና 9 ወይም 10፣ ለፒክአፕ 13 ኢንች ገደማ። ከ4 ኢንች በታች ከሆነ እግርዎን አያሳርፉ። ስኖው (ከሰማይ የሚጥለው በረዶ) የተቀላቀለበት ነጭ ግግር ጥንካሬው የጥርቱ ግማሽ ስለሆነ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት።

አንድ ቦታ ለክቶ ሐይቁን ሁሉ ማመን ነው ሰው የሚያስበላው። ምንጭ ከስር የሚፈልቅበት፣ ወንዝ የሚገባበት፣ ድልድይ ስር ያለው ግግር ከሌላው ይሳሳል። ከላይ የተከመረ ስኖውም እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ግግሩ እንዳይወፍር ያደርገዋል። ስለዚህ በየ150 ጫማው በብረት ዘንግ ወይም በመሰርሰሪያ እየለኩ ይሂዱ። በእግር ሲሆን ከጃኬት ላይ የነፍስ አድን ሰደርያ፣ አንገት ላይ ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ ጥንድ ሹል የግግር መውጊያ ይሁን፤ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚወጣው እሱን ግግሩ ላይ ሰክቶ፣ በመጣበት በኩል ራሱን በመጎተት ነው። በመኪና ከሆነ መስኮቱ ይከፈት፣ ቀበቶው ይፈታ። ግግሩ ላይ በሚቆም፣ በማሞቂያ በሚሞቅ የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ከሌለ አይቀመጡ።

16 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ነገር ግን በጃንዋሪ በማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ፣ 15 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ይዞ የሚያጠምድ የሚኒሶታ ነዋሪ ፈቃድ አያስፈልገውም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። በግግር ላይ ለአንድ ሰው ሁለት የማጥመጃ መስመር ይፈቀዳል። በብሬነርድ አጠገብ ገል ሌክ ላይ በጃንዋሪ መጨረሻ ግድም የሚደረገውን ትልቅ ውድድር ማየትም ደስ ይላል፤ ቀዳዳዎቹን አዘጋጆቹ አስቀድመው ስለሚቦረቡሩ የራስ መሰርሰሪያ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ውጭ ሃያ ደቂቃ ሳይቆዩ እግራችን ቀዘቀዘ እያሉ ያለቅሳሉ። ሁለት ወፍራም ካልሲ አለብሳቸዋለሁ፤ ምን ልጨምር?
*እናት፣ ከበርንስቪል*

መልስ፦ አይጨምሩ፣ ይቀንሱ። ሁለተኛው ካልሲ ጫማውን ያጠብበውና የደም ዝውውሩን ይይዘዋል፤ እግር የሚሞቀው ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ነው። አንድ የሱፍ ካልሲና አንድ ቁጥር ተለቅ ያለ ቡት ይበቃል። ገላን የሚነካው ልብስ ጥጥ አይሁን፤ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል። ለእጅ ጣቶቹ አብረው የሚገቡበት ጓንት ጣት ከሚለየው ይበልጣል። ንፋሱ ታክሎበት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ገደማ ከደረሰ የተገለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊጎዳ ስለሚችል በዓሉን ለሌላ ቀን ያዙት። ጣት ወይም ጆሮ ነጥቶ ከደነዘዘ አይሹት፣ እሳትም አያስጠጉት፤ ለብ ባለ ውኃ ይሙቅ፣ ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ይየው። መኪና ውስጥ ደግሞ የሕፃን ወንበር ቀበቶ በወፍራም ጃኬት ላይ አይታሰር፤ ጃኬቱ በግጭት ጊዜ ስለሚሟሽሽ ቀበቶው ይላላል።

ጥያቄ፦ በጾመ ነቢያት ዱሉዝ ሄደን መብራቱን ለማየት አስበናል። የምንበላው ይኖር ይሆን? የውሻ ውድድሩንስ በዚያው ማየት ይቻላል?
*ባልና ሚስት፣ ከሴንት ፖል*

መልስ፦ ሁለቱ አይገናኙም። ቤንትሊቪል የሚባለው የመብራት ትርኢት ቤይፍሮንት ፓርክ ውስጥ ከታንክስጊቪንግ በፊት ካለው ቅዳሜ እስከ ዲሴምበር 26 ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ለመኪና ማቆሚያ ይከፈላል። ትኩስ ኮኮዋ፣ ኩኪና እሳት ላይ የሚጠበስ ማርሽማሎ ይሰጣል። ኮኮዋውና ኩኪው ወተትና ቅቤ ሊኖርበት ይችላል፤ ማርሽማሎ የሚረጋው በጄላቲን ነው፣ ጄላቲኑም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው። ይህን ሙስሊም አንባቢያንም ልብ ይበሉ። ሻይ በቴርሞስ፣ ዳቦ ወይም ቆሎ ይዛችሁ ብትሄዱ ያሳርፋችኋል። ነፋሱ በቀጥታ ከሱፒሪየር ሐይቅ ስለሚመጣ ከመንትዮቹ ከተሞች (ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል) ይልቅ ጠንከር አድርጋችሁ ልበሱ።

የውሻ ውድድሩ፣ ውሾች ስሌድ እየጎተቱ የሚሽቀዳደሙበት፣ ጆን ቤርግሪስ የሚባለው ነው፤ የሚደረገው በጃንዋሪ መጨረሻ ግድም፣ ከገና በኋላ ስለሆነ ጾሙም አልፏል። ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሐይቁ ዳርቻ በውሻ ስሌድና በጀልባ ፖስታ ያመላልስ ከነበረ፣ ኦጂብዌ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ነው። ረጅሙ ውድድር 300 ማይል ገደማ ነው። መነሻው ላይ ከመጀመሪያው ቡድን አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ውሾቹ ታስረው ሲጠብቁ ጩኸታቸው ሰው አያነጋግርም፤ ስሌዱ እንደተለቀቀ ግን ጭጭ ይላሉ። ይህን ቅጽበት ሳያዩ መመለስ ያሳዝናል። የራሳችሁን ውሻ አታምጡ፣ የመንገዱን ገመድም አትለፉ። በ2024 ስኖው ጠፍቶ ውድድሩ ስለተሰረዘ፣ ሆቴል ስትይዙ ገንዘብ የሚመልሰውን ምረጡ። ነዳጅ ከግማሽ በታች አይውረድ። መኪናው በረዶ ውስጥ ከተያዘ፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን በአካፋ ጥረጉ።

ጥያቄ፦ በሚኒያፖሊስ ሐይቅ ላይ በሻማ የሚበሩትን የበረዶ ፋኖሶች አይተን ወደድናቸው። ለገና ደጃችን ላይ ልንሠራ እንችላለን?
*ቤተሰብ፣ ከሴንት ሉዊስ ፓርክ*

መልስ፦ ያያችሁት ሉሚነሪ ሎፔት ይሆናል፤ በሌክ ኦፍ ዘ አይልስ ቅዳሜ ማታ የሚደረግ የእግር ጉዞ ነው። ትኬት ስላለው ቀደም ብሎ መግዛት ይሻላል። ግግሩ ሲሳሳ ጉዞው ወደ ዳርቻው ይዛወራል።

ፋኖሱን ቤት መሥራት ቀላል ነው። 5 ጋሎን የሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ ከአፉ ሁለት ኢንች አጉድላችሁ ውኃ ሙሉና ውጭ ስኖው ላይ አስቀምጡ። በስሚንቶ ላይ አይሁን፤ ስኖው ከስር ብርዱን ስለሚከላከልለት ታቹ ዘግይቶ ይረጋል፣ የምትፈልጉትም ይህንን ነው። አየሩ ከ0 እስከ 10 ፋራናይት ከሆነ አንድ ሌሊትና አብዛኛውን ቀን ይፈጃል። ጎኑ ሁለት ኢንች ያህል ሲወፍር ባልዲውን ቤት አስገቡና ግግሩ እስኪለቅ ጥቂት ጠብቁ። ከዚያ ገልብጣችሁ አውጡት። ከታች የነበረው ስስ ወገን አሁን ላይ ሆኗል፤ በሹል ነገር ሰብራችሁ ያልረጋውን ውኃ ድፉት፣ ጉድጓዱም ለሻማው ቦታ ይሆናል። ብዙ ካቆያችሁት እስከ መሀል ይረጋና ባልዲውን ይሰነጥቀዋል፤ ከቸኮላችሁ ደግሞ ግድግዳው ሲገለበጥ ይፈርሳል። ፈላ ያለ ውኃ አታፍሱበት፣ ወዲያው ይሰነጠቃል። ለገና ዋዜማ እንዲደርስ ጃንዋሪ 4 ላይ ጀምሩ፤ የመጀመሪያው ቢበላሽ ለሁለተኛው ጊዜ ይተርፋችኋል። የተሠራውን ደግሞ ፀሐይ በማያገኘው በሰሜን በኩል አቆዩት።