«ሬይን» እና የቢትልስ የመጨረሻው የውጭ ጉዞ፦ ጥያቄና መልስ

የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን የሆኑት ቢትልስ በ1966 ስላወጡት «ሬይን» (ዝናብ) ስለተባለው ዘፈናቸውና በዚያው ዓመት ስላደረጉት የዓለም ጉዞ ከአንባቢዎች የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ቢትልስን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ «ሬይን» የሚባል ዘፈን ግን አላውቅም። የት ተደብቆ ነው?

ሸክላው ጀርባ ላይ ነዋ! ፊቱ «ፔፐርባክ ራይተር» ነበር፤ በአሜሪካ ሜይ 30፣ በእንግሊዝ ጁን 10 ቀን 1966 ወጣ። የተቀዳው ኤፕሪል 14 እና 16 ነው፤ «ሪቮልቨር» የተባለውን አልበም በሚሠሩበት ሰሞን ማለት ነው። አልበሙ ውስጥ ግን አልገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅም ሸክላ የወጣው በ1970 በአሜሪካ በታተመው «ሄይ ጁድ» ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የደረጃ ሰንጠረዥ ለብቻው 23ኛ ደርሷል፤ ለጀርባ ዘፈን ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ሙዚቃው ለምንድን ነው እንደዚያ ከባድና ዝርግ የሚለው? ድራሙ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል።

ባትሪው በደከመ ቴፕ ካሴት የሰማ ሰው ምክንያቱን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። ጊታሩን፣ ቤዙንና ድራሙን ከተለመደው ፈጠን አድርገው ተጫወቱ፤ ከዚያ የተቀዳው ቴፕ ቀስ ብሎ እንዲዞር ተደረገ። ቴፕ ሲዘገይ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም የሚወርደው። ቃናው ይወርዳል፣ የሲምባሉ ፉጨት ይረዝማል፣ የድራሙ ቆዳ የሰፋ ያህል ይወፍራል። ድራም መቺያቸው ሪንጎ ስታር ከተጫወታቸው ሁሉ ይህን እንደሚያስቀድም ደጋግሞ ተናግሯል።

የዘፋኙ የጆን ሌነን ድምፅ ላይ የተሠራው ግልባጩ ነው። ሲዘፍን ቴፑ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር፤ በትክክለኛው ፍጥነት ሲሰማ ድምፁ ቀጠነ፣ በራ። የወፈረ ሙዚቃ ከታች፣ የቀጠነ ድምፅ ከላይ፦ የዘፈኑ ጠባይ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ2022 የወጣው ባለ ብዙ ሸክላ «ሪቮልቨር» ውስጥ የ«ሬይን» አምስተኛው የቀረጻ ሙከራ በሁለት መልክ አለ፤ አንዱ እንደተጫወቱት፣ ሌላው እንደዘገየ። አከታትላችሁ ስሙት፤ ከማንም ማብራሪያ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ልሞክረው ብል ቁጥሩ ስንት ነው?

ሁለት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ድምፅ ለማውረድ ፍጥነቱን በ0.891 ያባዙ። የመጨረሻው ምት በደቂቃ 100 እንዲሆን ከፈለጉ ሲጫወቱ 112 ይሁን። በዚህ ስሌት 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የተጫወቱት ሲዘገይ 3 ደቂቃ ገደማ ይሆናል።

ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ፍጥነትንና ቃናን አንድ ላይ የሚቀይረውን ትእዛዝ ይጠቀሙ። ፍጥነትን ብቻ የሚቀይረውን ከተጠቀሙ ቃናው ባለበት ስለሚቀር ውፍረቱ አይመጣም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለተኛው ስህተት ቁጥሩን ለማሳመር ብሎ 0.9 ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ቃናው በሁለት ኖታዎች መካከል ይወድቅና በኋላ የሚጨምሩት ቤዝ ወይም ኪቦርድ አይገጥምም። ኤኮ ካስፈለገ ከዘገየ በኋላ ይጨመር፤ አስቀድመው ከጨመሩት እሱም አብሮ ይጎተትና ይጨቀያል።

ለዘፋኙ ድምፅ፦ የዘገየውን ሙዚቃ ለጊዜው አንድ ግማሽ ድምፅ (0.944) ዝቅ አድርገው በላዩ ይዝፈኑ። ከዚያ ድምፁን ብቻ በ1.059 ያፍጥኑትና ወደ ሙዚቃው ይመልሱት። ድራም የሚመታው ሰው ክፍተት እንዲተው አስቀድመው ይንገሩት፤ ሲፈጥን ባዶ የሚመስለው ቦታ ሲዘገይ ነው የሚያምረው።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ቋንቋ ሕንድኛ ነው?

እንግሊዝኛ ነው፤ የተገለበጠ። ከዘፈኑ መጀመሪያ የተወሰደ የሌነን ድምፅ ከኋላ ወደ ፊት እንዲሄድ ተደርጎ ማብቂያው ላይ ተለጠፈ። ሌነን ቴፑን ቤቱ ወስዶ ሳያስተውል ገልብጦ እንደሰማው ይናገር ነበር፤ ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን ደግሞ ሐሳቡ የእኔ ነው ይል ነበር። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ከቃላቸው ፈቀቅ አላሉም።

ጥያቄ፦ መድረክ ላይ ተጫውተውታል?

በኮንሰርት አንድም ጊዜ አልተጫወቱትም። ጁን 16 በቢቢሲ «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» ላይ ታይቷል፤ ያ ግን ከተቀዳው ጋር ከንፈር ማንቀሳቀስ ነበር።

የ1966ቱ ዝግጅት 11 ዘፈን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በሮክ ኤንድ ሮል ይጀምራል፣ መሃል ላይ «የስተርደይ» አለ። «ሪቮልቨር» ኦገስት 5 ወጥቶ ኦገስት 12 ቺካጎ ላይ የአሜሪካ ጉዞ ሲጀመር እንኳ ከአዲሱ አልበም አንድ ዘፈን አልገባም። አዲስ የሚባለው «ፔፐርባክ ራይተር» ብቻ ነበር።

ዕቃውን ካያችሁ አይገርማችሁም። ሁለት ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና የቮክስ አምፕሊፋየሮች። ድምፃቸው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በስታዲየሙ በራሱ ስፒከር፣ የኳስ ጨዋታ ማስታወቂያ በሚነገርበት ነው። ራሳቸውን እንዲሰሙ ወደ እነሱ የዞረ ስፒከር (ሞኒተር) የለም። ሪንጎ ዘፈኑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው የሦስቱን ጀርባ እያየ ነበር። በዚህ ላይ የዘገየ ቴፕና የተገለበጠ ድምፅ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ ታዲያ በውጭ አገር ሰው እንዴት አየው?

በክሊፕ። ዳይሬክተሩ ማይክል ሊንድሴይ ሆግ ሜይ 19 ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሜይ 20 ደግሞ ምዕራብ ለንደን በሚገኘው የቺዝዊክ ሃውስ ግቢ ቀረጻቸው፤ ዛፍ፣ ሐውልት፣ ብርጭቆ ቤት። ፊልሙ ተባዝቶ ለየአገሩ ቴሌቪዥን ተላከ፤ አሜሪካ ውስጥ ጁን 5 በኤድ ሱሊቫን ዝግጅት ታየ። ሰዎቹ ሳይሄዱ ዘፈኑ ሄደ።

ጥያቄ፦ የዚያ ዓመት ጉዞ የት የት ነበር?

ጁን 24 ሙኒክ፣ 25 ኤሰን፣ 26 ሃምቡርግ። ወደ ቶኪዮ ሲበሩ በአውሎ ነፋስ ምክንያት አላስካ፣ አንኮሬጅ አረፉ። ከጁን 30 እስከ ጁላይ 2 ቡዶካን ውስጥ አምስት ጊዜ ተጫወቱ፤ ለ1964ቱ ኦሎምፒክ ጁዶ የተሠራ አዳራሽ ስለነበር «ተደፈረ» ብለው የተቃወሙም ነበሩ። ጁላይ 4 ፊሊፒንስ፣ ማኒላ ሁለት ኮንሰርት አቀረቡ። እዚያ ቀዳማዊት እመቤት ኢሜልዳ ማርኮስ ቤተ መንግሥት ጠርታቸው ሳይሄዱ ቀሩ። በማግስቱ ጥበቃው ተነሣ፣ የአየር ማረፊያው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ቆመ፣ ዕቃቸውን ተሸክመው በግፊያ መሃል አለፉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከገቡ በኋላ እንኳ ሁለት ረዳቶቻቸው ለወረቀት ጉዳይ ተጠርተው ወረዱ።

ጥያቄ፦ ጉዞ ያቆሙት በማኒላው ምክንያት ነው?

ማኒላ ድርሻ አለው፤ የመጨረሻው ገፊ ምክንያት ግን እውነተኛ ዝናብ ነው ብል አላጋነንኩም። ኦገስት 20 አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ላይ መድረኩ በቂ መሸፈኛ ስላልነበረው ሁሉም ነገር ረጠበ። በረጠበ መድረክ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጊታር ይዞ ብረት ማይክ በከንፈር መንካት በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ልዩነት በሰውነት ማሳለፍ ነው። ኮንሰርቱ ለማግስቱ እኩለ ቀን ተላለፈ። ያን ተጫውተው በዚያው ቀን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በረው ማታ ሴንት ሉዊስ ደረሱ፤ እዚያም ዘነበ፣ ከመጠለያው የሚንጠባጠበው አምፕሊፋየሮቹ ላይ ይወርድ ነበር። ሌሎቹ ቀድመው ሰልችቷቸው ነበር፤ ጉዞ እንቀጥል የሚለው ቤዝ ተጫዋቹ ፖል ማካርትኒ ብቻ ነበር። ከዚያ ኮንሰርት በኋላ ባዶ የጭነት መኪና ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተቱ ሲሄዱ እሱም «በቃ» አለ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ኮንሰርት ተቀድቷል?

ኦገስት 29፣ ሳንፍራንሲስኮ፣ ካንድልስቲክ ፓርክ፤ ተመልካቹ 25,000 ገደማ፣ ብዙ ወንበር ባዶ ነበር። የፕሬስ ኃላፊያቸው ቶኒ ባሮው ሜዳው ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ካሴት ቀዳው። አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ነው፤ ኮንሰርቱ ትንሽ አለፈው። ስለዚህ የመጨረሻው ዘፈን «ሎንግ ቶል ሳሊ» ጀምሮ ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ «የ1966 ስቴሪዮ ሸክላ» ብለው የሚሸጡልኝ አሉ። ልግዛ?

ይቅርብዎ። የእንግሊዙ የፓርሎፎን ሸክላ (ቁጥሩ አር 5452) ሞኖ (ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የተቀዳ) ብቻ ነው፤ የ«ሬይን» ስቴሪዮ ሚክስ (ድምፁ በግራና በቀኝ የተከፈለበት ቅንብር) የተሠራው በዲሴምበር 1969 ነው። ሞኖውን ያለ ሸክላ ማጫወቻ ለመስማት በ2009 በወጣው የሞኖ ስብስብ ውስጥ ያገኙታል፤ ስቴሪዮው «ፓስት ማስተርስ» ላይ አለ። ቤዙን ከጊታሩ ለይቶ ለመስማት ስቴሪዮው ይሻላል፤ ክብደቱን ለሚፈልግ ሞኖው።