የህዋሶች አሲድ በአይስፌት ሲለካ፦ ፒኤቹ ለምን ወደ ላይ ይወጣል?

ጥያቄ፦ የምንሠራው ቂሊንጦ አካባቢ ባለ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ነው። ጌቱ (ፈሳሹን የሚነካው ገጽ) ታንታለም ኦክሳይድ በሆነ አይስፌት ቺፕ፣ ማለትም ፒኤችን ወደ ቮልቴጅ በሚቀይር ትራንዚስተር ላይ ህዋሶች እናሳድግና ከኢንኩቤተር አውጥተን ጠረጴዛ ላይ እንለካለን። ሚዲየሙ፣ ማለትም ህዋሶቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ፣ አርፒኤምአይ ነው። ህዋሶቹ አሲድ ስለሚለቁ ፒኤቹ መውረድ ነበረበት፤ የእኛ ግን መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ያህል ይወጣል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ቺፕ ብንቀይርም ያው ነው። ችግሩ ትራንዚስተሩ ነው?

መልስ፦ ቺፕ ተቀይሮም ያው ከሆነ ትራንዚስተሩን ለጊዜው ተዉትና ሚዲየሙን ጠርጥሩ። የምታዩት መውጣት እውነተኛ የፒኤች ለውጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ምንጩ ግን ህዋሶቹ አይደሉም።

አርፒኤምአይ በሊትር 2 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት አለው። ፒኤቹ 7.4 አካባቢ የሚረጋው በላዩ ያለው አየር በቂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከያዘ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ጋዙ ያመልጣል፣ ፒኤቹም ከ8 ያልፋል። ህዋስ የሌለበት ሚዲየም በሌላ ቺፕ ላይ አድርጋችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ያም ከወጣ፣ የሚዲየሙ ቀይ ቀለምም ወደ ሐምራዊ ከሄደ፣ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ፒኤቻቸው በታወቀ በሁለት በፈር (ፒኤችን አርግቶ የሚይዝ ፈሳሽ) ሞክራችሁ፣ በእናንተ ሰርኪዩት ቮልቴጁ ሲጨምር ፒኤች የሚወጣ ይሁን የሚወርድ አረጋግጡ። አቅጣጫው እንደ ሰርኪዩቱ አሠራር ይገለበጣል።

ኢንኩቤተሩም ቢሆን እንደ ባሕር ጠለል አይሠራላችሁም። በ2,200 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 760 ነው። በ37 ዲግሪ የውኃው እንፋሎት ከዚህ ላይ 47 ይወስዳል። ስለዚህ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባሕር ጠለል 36 ገደማ ሲሆን፣ እናንተ ዘንድ 27 ብቻ ነው። ልዩነቱ ፒኤቹን በ0.13 ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ህዋሶቹ ገና ሳይለኩ አልካሊ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ያንኑ መጠን ለማግኘት ወደ 6.7 በመቶ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ሱሉልታ ላይ የሚሠራ ሰው ወደ 7 ይጠጋል። ሆኖም ቁጥሩን ዝም ብላችሁ አትቀይሩ። አንዳንዱ ኢንኩቤተር የከፍታ ማስተካከያ አለው፣ አንዳንዱ ዳሳሽ ደግሞ የሚያነበው መቶኛውን ሳይሆን የጋዙን ግፊት ነው፤ ሁለት ጊዜ አስተካክላችሁ ወደ ሌላው ጥግ እንዳትሄዱ። ህዋስ የሌለው ሚዲየም አሳድራችሁ፣ እንደወጣ ወዲያው በመስታወት ኤሌክትሮድ ለኩትና በዚያ ፍረዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የህዋሶቹን አሲድ ማየት ከፈለጋችሁ ባይካርቦኔቱም፣ ሄፕስ የሚባለው በፈርም ካለ እሱም፣ አሲዱን ስለሚውጡት ከመለኪያው ፈሳሽ መውጣት አለባቸው። ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 100,000 ህዋስ አለ፣ እያንዳንዱም በሰከንድ 100 ሚሊዮን ፕሮቶን ይለቃል እንበል። በላያቸው ያለው ፈሳሽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍታ ካለው በ30 ሰከንድ 50 ማይክሮ ሞላር አሲድ ይጠራቀማል። 25 ሚሊ ሞላር ሄፕስ ውስጥ ይህ 0.2 ሚሊ ቮልት ገደማ የሆነ ለውጥ ነው፤ በጩኸት መሃል ይጠፋል። 1 ሚሊ ሞላር ፎስፌት ብቻ ባለበት ፈሳሽ ግን ከ6 ሚሊ ቮልት በላይ ይሆናል። ፈሳሹ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ በከፍታው ልክ ይሳሳል፤ 5 ሚሊ ሜትር ሚዲየም ያለበት ሰፊ ሳህን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለአንድ ሊትር ፈሳሽ የሚከተለውን መዝኑ፦ ሶዲየም ክሎራይድ 8.1 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.37፣ ባለ ስድስት ውኃ ማግኒዥየም ክሎራይድ 0.16፣ ዳይሶዲየም ፎስፌት 0.114፣ ሞኖሶዲየም ፎስፌት 0.024፣ ግሉኮስ 1.8፣ በመጨረሻ ባለ ሁለት ውኃ ካልሲየም ክሎራይድ 0.19። ፎስፌቶቹ ያለ ውኃ የሚመዘኑት ናቸው። ካልሲየሙ ቀድሞ ከገባ ከፎስፌቱ ጋር ይደፈርሳል። ውኃውን አፍልታችሁ ዘግታችሁ አቀዝቅዙት፤ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲህ ያለውን ደካማ በፈር ቶሎ ያበላሸዋል። በ37 ዲግሪ በውኃ በቀጠነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 7.4 ላይ አድርሱት። ይህ ለጥቂት ሰዓት መለኪያ እንጂ ህዋስ ለማሳደር አይደለም።

የሌሊቱ መንሸራተት የአይስፌት ጠባይ ነው። ፒት በርግቬልድ ይህን ዳሳሽ በ1970 ካስተዋወቀበት ጊዜ ጀምሮ አብሮት ያለ ችግር ነው፤ የጌቱ ሽፋን ውኃ ሲጠጣ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ይሄዳል። አዲስ ቺፕ ከመለኪያው በፊት አንድ ሙሉ ቀን በፈር ውስጥ ይዋል፣ ይደር። የቀረውን ለማጥፋት መታገል ግን ከንቱ ድካም ነው፤ በዘዴ ማለፍ ይሻላል። ፈሳሹን በደቂቃ 100 ማይክሮ ሊትር ለ90 ሰከንድ አስኪዱ፣ ለ30 ሰከንድ አቁሙ፣ ደግሞ አስኪዱ። የምትመዘግቡት በቆመበት ጊዜ ያለውን ቁልቁለት ብቻ ይሁን። በሰዓት 1 ሚሊ ቮልት የሚንሸራተት ቺፕ በ30 ሰከንድ 0.01 ሚሊ ቮልት እንኳ አይሄድም። ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ኤዲኤስ 1115 ቺፕ በ2.048 ቮልት ክልል ብትጠቀሙ አንዱ እርምጃ 0.0625 ሚሊ ቮልት ነው፤ ለዚህ ይበቃል።

ካሊብሬሽኑንም (ቺፑን በታወቁ በፈሮች ማስተካከሉን) በ37 ዲግሪ አድርጉት። 6.86 የተጻፈበት በፈር በዚያ ሙቀት 6.84፣ 4.01 ያለው ደግሞ 4.03 ይሆናል። የቲዎሪው ጣሪያ በአንድ ፒኤች 61.5 ሚሊ ቮልት ነው፤ ታንታለም ኦክሳይድ ወደዚያ ይጠጋል። ከ50 በታች ካነበባችሁ ወይ ጌቱ ላይ ፕሮቲን ተጋግሯል፣ ወይ በማሸጊያው ስር ፈሳሽ ገብቷል። ህዋሶቹ እንዲጣበቁ ፖሊላይሲን የምትቀቡ ከሆነ ካሊብሬሽኑ ከቅቡ በኋላ ይሁን።

ስለ ማሸጊያው አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ፦ ከመርካቶ የሚገዛውን አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን በምንም ምክንያት አትጠቀሙ። ሽታው አሴቲክ አሲድ ነው፤ የምትለኩትንም ያዛባል፣ ህዋሶቹንም ይጎዳል። ኤፖክሲም በደንብ ካልደረቀ መርዝ ነው። ስታጸዱ በ70 በመቶ ኢታኖል 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በተመከነ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል፤ አልትራቫዮሌት መብራት ካበራችሁበት ግን ንባቡ ስለሚዘል እንደገና ካሊብሬት አድርጉ።

ሪፈረንስ ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም የቺፑ ቮልቴጅ የሚነጻጸርበትን፣ ሌላ ቺፕ ሊተካው አይችልም። የብር ሽቦን በረኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብትነክሩት ጠቁሮ የብር ክሎራይድ ሽፋን ይይዛል። በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ማለትም በ100 ሚሊ ሊትር 22.4 ግራም፣ ከ2 እስከ 3 ግራም አጋር አፍልታችሁ በሞላችሁት ቱቦ በኩል ከፈሳሹ ጋር አገናኙት። ቦታው ፈሳሹ ህዋሶቹን አልፎ በሚወጣበት በኩል ይሁን፤ ወደ ህዋሶቹ የሚሄድ ብርና ፖታሲየም ይጎዳቸዋል። ኤሌክትሮዱ ሳይገባ ለቺፑ ኃይል አትስጡ። በበጋው ደረቅ አየር የእጅ ስታቲክ ጌቱን ሊበሳው ስለሚችል፣ የእጅ ማሰሪያ ሽቦ አድርጋችሁ ንኩት። መለኪያውን በጥቁር ክዳን ሸፍኑት፤ ሲሊኮን ብርሃን ሲያይ ንባቡ ይዘላል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሰርኪዩቱን ከ12 ቮልት ባትሪ በሊኒየር ሬጉሌተር መመገብ ከሁሉ ይሻላል። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ መንሸራተቱ እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ ቁልቁለቱን ከማመናችሁ በፊት አንድ ሰዓት ጠብቁ።

ሁሉ ሲስተካከል ህዋሶቹን ራሳቸውን ጠይቁ። ግሉኮሱን ሳትጨምሩ ባዘጋጃችሁት ያው ፈሳሽ ጀምሩ፣ ከዚያ 10 ሚሊ ሞላር ግሉኮስ፣ ቀጥሎ 1 ማይክሮ ሞላር ኦሊጎማይሲን (ህዋሱ በኦክስጅን ኃይል እንዳያመርት የሚያግድ)፣ በመጨረሻ 50 ሚሊ ሞላር ቱ ዲኦክሲ ግሉኮስ (የግሉኮስን መሰባበር የሚያግድ) አስገቡ። ቁልቁለቱ በግሉኮሱና በኦሊጎማይሲኑ ጨምሮ በመጨረሻው ከወደቀ የምታነቡት የህዋሶቹን አሲድ ነው። ምንም ካልተነቃነቀ፣ ወይም ህዋስ የሌለበት ቺፕም አብሮ ከተነቃነቀ፣ መጀመሪያ የፈሳሹን ፎስፌት፣ ቀጥሎ ከህዋሶቹ በላይ ያለውን የፈሳሽ ከፍታ መርምሩ።