የመንገድ መሐል መስመር ማረም፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ዛሬ ማታ ኦፕንስትሪትማፕ (ማንም ሊያርመው የሚችል የኢንተርኔት ካርታ) ላይ መንገድ ስለ ማረም የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የምሠራው በጆስም፣ በኮምፒውተር ላይ ባለ የካርታ ማረሚያ ፕሮግራም ነው፤ የስልክ መተግበሪያ አልነካም። አስቀድሜ ልናገር፦ መንገዱን ከመግፋታችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን የሳተላይት ምስል ጠርጥሩ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ የሰፈሬ መንገዶች በሙሉ ከሳተላይት ምስሉ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብለዋል። ሁሉንም መርጬ ልጎትታቸው?

መልስ፦ እንዳትነካቸው! ሁሉም እኩል ከሸሹ፣ የሸሸው ምስሉ ሊሆን ይችላል። በመንገዱ ደጋግመህ ሂድና የጂፒኤስ ዱካ (ስልክህ የሚመዘግበውን የሄድክበትን መስመር) ቅዳ፤ አንድ ዱካ አይበቃም፣ ፎቅ አጠገብ ምልክቱ ይዘላል። ከዚያ ምስሉን ወደ ዱካዎቹ አስጠጋ። ያገኘኸው ማካካሻ (ምስሉን የገፋህበት ልክ) ግን ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ምስሉ የሚስተካከለው በከፍታ ሞዴል (የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በያዘ መረጃ) ስለሆነ ገደል ላይ በቀላሉ ይዛባል። ጎሃ ጽዮን ላይ ያገኘሁትን ማካካሻ ይዤ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድኩ፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ጠመዝማዛውን በሙሉ አስተካከልኩ ብዬ ስተኛ፣ በማግሥቱ የመጣ ዱካ መንገዱን ገደል ውስጥ እንደ ጣልኩት አሳየኝ። ታችና ላይ ለየብቻ መለካት ነበረብኝ።

ከዋሽንግተን፦ ጠማማውን መስመር አጥፍቼ አዲስ ብሥል አይቀልም?

መልስ፦ ይቀልሃል፤ ለሌላው ግን አይቀልም። የመስመሩ ታሪክ ይጠፋል፣ በላዩ የተያያዘው የአውቶቡስ መስመርም ይበጠሳል። ጆስም ላይ ደብሊው (W) ቁልፍን ተጫንና ነጥቦቹን አንድ በአንድ አስጠጋ።

ከመቀሌ፦ የድሮ የወረቀት ካርታ ስካን አድርጌ ብጭን ከ100 ሜትር በላይ ይስታል።

መልስ፦ አዲንዳን ነዋ! የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች መነሻ፣ ማለትም ቦታ የሚለካበት ሥርዓት፣ እሱ ነው፤ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ መነሻ፣ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። በእጅ አትግፋው፤ ስታስገባው መነሻውን ለፕሮግራሙ በትክክል ንገረው።

ከሐዋሳ፦ መንገዶቼ ልክ አይደሉም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ መንገድ? ልክ ያልሆነው ምኑ ነው?

ከቦሌ፦ ቀለበት መንገድ ላይ በድልድይ የሚያልፈውን ከሥሩ ካለው ጋር ላገናኘው?

መልስ፦ አይገናኙም።

ከፒያሳ፦ አደባባዩ ፈርሶ የትራፊክ መብራት ተተክሏል። ክቡን አነሣሁት፤ ስሙስ?

ከቦሌ፦ ስሙም ይነሣ፣ የለም እኮ።

ከፒያሳ፦ ታክሲ ረዳቱ ዛሬም «አደባባይ!» እያለ ይጠራል። ሰው የሚወርድበትን ስም ማን ያጠፋል?

ከቦሌ፦ ካርታ የረዳቶችን ጥሪ የሚመዘግብ ከሆነ እኔም ሰፈሬን ልሰይም!

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆይ። የምናወራው ስለ መስመር ነው። ክቡ ከተነሣ መንገዶቹ በአንድ የጋራ ነጥብ መገናኘታቸውን አረጋግጡ፤ ካልተገናኙ መንገድ ጠቋሚው በሌላ ሰፈር ያዞራችኋል። ስሙን በቦታ ስምነት ለብቻው አስቀምጡት።

ከሐዋሳ፦ ልክ ያልሆኑት ሁሉም ናቸው፤ በአንድ ጎን ሸሽተዋል።

መልስ፦ ለአዳማው የመለስኩትን ከላይ አንብብ። ዱካ አለህ?

ከሐዋሳ፦ የለኝም።

መልስ፦ እንግዲያው መንገዱን ተወው። ነገ ስልክህን ይዘህ ውጣ።