ሁሉንም ወደ ሮው ስፒንሎክ ልቀይረው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ላለ የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን የሊኑክስ ድራይቨር እየጻፍኩ ነው። ሴንሰሩ ባዕድ ነገር ሲያይ ኢንተራፕት (ሲፒዩውን ሥራ የሚያስቋርጥ ምልክት) ይልካል፤ ምልክቱን የሚያስተናግደው ኮድ፣ ሀንድለሩ፣ ስፒንሎክ (የጋራ ዳታን ሁለት ኮድ በአንድ ጊዜ እንዳይነካው የሚጠብቅ ቁልፍ) ይይዛል። እንዲፈጥን ብዬ፣ ሀንድለሩ ወደ ትሬድ (ራሱን ወደቻለ የሥራ መስመር) እንዳይዛወር የሚያደርገውን «ኖ ትሬድ» የሚለውን ፍላግ ጨምሬበታለሁ። በተራው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ሰላም ነው። ለአስቸኳይ ሥራ በጊዜው ምላሽ የሚሰጠውን ሪልታይም ከርነል ሳስነሳ ግን ሎጉ «መተኛት በማይፈቀድበት ቦታ የሚተኛ ፈንክሽን ተጠራ» በሚል ማስጠንቀቂያ ይሞላል። ጓደኞቼ «ሁሉንም ሮው ስፒንሎክ አድርገውና ተገላገል» ይሉኛል። ላድርገው?

መልስ፦ አታድርገው ወንድሜ! ማስጠንቀቂያው ይጠፋ ይሆናል፤ ሪልታይም ያስመረጠህ ጥቅምም አብሮት ይሄዳል። ሮው ስፒንሎክ በሪልታይምም የማይተኛው ዓይነት ነው፤ በተያዘ ቁጥር ያ ሲፒዩ ለሌላ አስቸኳይ ሥራ አይለቀቅም።

ፕሪኤምፕት አርቲ (ከርነሉን ሪልታይም የሚያደርገው ምርጫ) ሲበራ ተራው ስፒንሎክ የሚያስተኛ ሎክ ይሆናል፤ ተራ የሚጠብቀው ኮድ ሲፒዩውን ለቆ ይተኛል። በተራው ከርነል ኢንተራፕት የሚዘጋው «አይአርኪው ሴቭ» የሚለው ዓይነቱ እንኳ እዚህ አይዘጋም። ይህ የሚያስኬደው ሀንድለሮች ወደ ትሬድ ስለሚዛወሩ ነው፤ ትሬድ መተኛት ይችላል። ያንተን እንዳይዛወር የከለከለው ያ ፍላግ ነው። አንሳው። አብዛኛው ድራይቨር እዚህ ላይ ያበቃለታል።

ባዕዱ ነገር የታየበትን ቅጽበት በትክክል መያዝ ካለብህ ግን ፍላጉን ተወውና ሀንድለሩን ለሁለት ክፈለው። የመጀመሪያው ሰዓቱን ያንብብ፣ የሴንሰሩን ኢንተራፕት ያጥፋ፣ ቀሪውን የሚሠራውን ትሬድ ይቀስቅስ። በቃ። ሁለቱ የሚጋሩትን ያቺን አንድ ቁጥር፣ የተነበበውን ሰዓት፣ ብቻ በሮው ስፒንሎክ ጠብቃት። ትሬዱ ውስጥ ስትይዘው በሮው «አይአርኪው ሴቭ» ያዘው፤ የሮው ዓይነቱ ኢንተራፕትን በእርግጥ ይዘጋል። አለዚያ እዚያው ሲፒዩ ላይ ኢንተራፕት ይመጣና ማሽኑ ቀጥ ይላል። ሮው ይዘህ ሜሞሪ አትጠይቅ፤ «ሳታስተኛኝ ስጠኝ» ማለት የሆነው «አቶሚክ» የሚለው ፍላግም በሪልታይም ከርነል አያድንህም። ተራ ስፒንሎክም ከውስጡ አትያዝ።

ይህን ስህተት በዓይን መፈለግ ያደክማል። ከርነሉን ስትገነባ «ፕሩቭ ሎኪንግ» እና «ፕሩቭ ሮው ሎክ ኔስቲንግ» የሚሉትን የሎክ ስህተት መፈለጊያዎች አብራ። ሪልታይም ባልሆነ ከርነል ላይ እንኳ መስመሩን ያሳዩሃል። ፕሪኤምፕት አርቲ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 6.12 ጀምሮ ዋናው ከርነል ውስጥ ስላለ፣ እንደ ኤክስ86 እና አርም64 ባሉ ማሽኖች ላይ ለመሞከር ፓች ፍለጋ አትንከራተት።

አሁንም ከዘገየ ፕራዮሪቲውን (የቅድሚያ ደረጃውን) እይ። የኢንተራፕት ትሬዶች ሲነሱ ፋይፎ በሚባለው የሪልታይም ተራ አሰጣጥ ደረጃቸው 50 ነው። የአየር ቫልቩን የሚያዝዘው ፕሮግራምህ ከዚያ በላይ ሆኖ ሲፒዩውን ከያዘ፣ ሀንድለርህ ተራ ይጠብቃል።