ባክኤንድ ለምትጀምሩ ልጆች

ልጆቼ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ዘርግታችሁ ለባክኤንድ፣ ማለትም ከጀርባ ሆኖ ዳታውንና ሒሳቡን ለሚሠራው የፕሮግራም ክፍል፣ የትኛው የፕሮግራም ቋንቋ እንደሚሻል ስትከራከሩ እሰማለሁ። ጎ ይሻላል፣ ራስት ይፈጥናል፣ ጃቫ አርጅቷል። የሰው ገንዘብ ለሚይዝ ሲስተም ግን እኔ ያረጀውን ነው የምመርጠው። ጃቫን ያዙ። ሲ ሻርፕም ቢሆን አይከፋም።

ጃቫ በፈረንጆች 1995 ሲወጣ አብዛኞቻችሁ አልተወለዳችሁም። እናንተን ነገ የሚገጥማችሁ ጣጣ ሌላውን ቀድሞ ገጥሞታል፤ መላውም ተገኝቶለታል።

ለምሳሌ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ልትሠሩ ነው እንበል። ብሩን በዳብል (ነጥብ ያለውን ቁጥር በግምት በሚይዝ የቁጥር ዓይነት) ከያዛችሁት 0.1 እና 0.2 ሲደመር 0.30000000000000004 ይመጣል። በዓመቱ መዝጊያ ሒሳብ ሠራተኛዋ «ሳንቲም አልገጥም አለኝ» ብላ ትደውላለች። ለዚህ ነጥብ ያለውን ቁጥር በትክክል የሚይዝ ቢግዴሲማል የሚባል የጃቫ ዓይነት አለላችሁ። ቁጥሩን ግን በጥቅስ ውስጥ፣ እንደ ጽሑፍ ስጡት። በዳብል ከሰጣችሁት ስሕተቱን እንዳለ ይቀበላል።

ቀጥሎ ጳጉሜ ትመጣለች። ደመወዝ የላትም፤ ወለድ ግን ይቆጠርባታል። የጃቫ የራሱ የቀን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ስብስብ) የታይላንድንና የጃፓንን አቆጣጠር ያውቃል፣ የእኛን አያውቅም። ይሄ ያናድደኛል። ደግነቱ አይሲዩ ፎር ጄ እና ትሪቴን ኤክስትራ የሚባሉ ነፃ ላይብረሪዎች 13ኛዋን ወር ይዘዋታል፤ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን መሆኗን ሳይቀር። ላይብረሪ ያልሞላለት ቋንቋ ከመረጣችሁ ይህን ሁሉ ራሳችሁ ልትጽፉ ነው።

ሌላው ነገር ሰው ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተሻለ ደመወዝ ሲመጣ ትሄዳላችሁ፣ ማንም አይወቅሳችሁም። የሚተካችሁ ልጅ ግን ኮዳችሁን ማንበብ አለበት። ጃቫ የሚችል ሰው እዚሁ ይገኛል። ራስት የሚችል ፈልጉና ንገሩኝ።

ለትንሽ ሱቅ ድረ ገጽ ከሆነ እርሱት፤ ፒኤችፒ የሚባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ይበቃል። የጃቫ ባክኤንድ የሚሠራበት ስፕሪንግ ቡት ራም ይበላል፣ ጃቫም ወሬ ያበዛል፤ አንድ መስመር የሚበቃውን በአምስት ይጽፋል።

ደግሞ የበሰለ ቋንቋ ነው ብላችሁ እንዳትተኙ። በፈረንጆች 2021 ታኅሣሥ ሎግ ፎር ጄ (የፕሮግራሙን ውሎ የሚመዘግብ የጃቫ ላይብረሪ) ላይ የተገኘው የደህንነት ክፍተት ዓለምን ሁሉ ሲያሯሩጥ ሎግ ፎር ጄ አዲስ ላይብረሪ አልነበረም። ስለዚህ ጃቫ 21ን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ቨርዥን ውሰዱ፤ የላይብረሪዎቻችሁን ዝርዝር በየወሩ እያያችሁ አድሱ። ያንን ሥራ ለማን እንደምታስረክቡም ከመሄዳችሁ በፊት ከማኅበሩ ጋር ተነጋገሩ።