ኤልዳፕ ላይ ፍለጋው ለምን ይንቀራፈፋል?

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችን ዳይሬክተሪ (የሰዎች መረጃ ቋት) ኡቡንቱ 22.04 ላይ በኦፕንኤልዳፕ 2.5፣ ማለትም ኤልዳፕ በተባለው የዳይሬክተሪ ፕሮቶኮል በሚሠራ ሶፍትዌር፣ ይሠራል፤ ከ300 ሺህ በላይ መዝገቦች አሉት። ሰው በመለያው (በዩአይዲ) ሲፈለግ ወዲያው ይገኛል። በሙሉ ኢሜይሉ ወይም በስሙ ቁራጭ ሲፈለግ ግን እስከ 4 ሰከንድ ያስጠብቃል። ራሙን ከ8 ወደ 32 ጊጋባይት ብናሳድገውም ያው ነው። ከምን ይሆን?

መልስ፦ ፍንጩ ጥያቄያችሁ ውስጥ አለ። ዩአይዲ ፈጥኖ ሜይል ከዘገየ የጎደለው ኢንዴክስ (መዝገቡን ቶሎ የሚያስገኝ ማውጫ) እንጂ ራም አይደለም። ኡቡንቱ ላይ ስላፕዲ (የኦፕንኤልዳፕ ሰርቨር ፕሮግራም) ሲጫን ኢንዴክስ የሚያደርገው ኦብጀክትክላስን (የመዝገቡን ዓይነት)፣ ሲኤንን (ስምን) እና ዩአይዲን፣ የቁጥር መለያዎችንና የቡድን አባልነትን ነው፤ ሁሉንም በ«ኢኪው»፣ ማለትም የተመዘገበው ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ሲፈለግ ብቻ። ሜይል የለበትም። ሲኤንም ለቁራጭ ፍለጋ የሚያስፈልገው «ሰብ» የለውም።

«ፊልተራችን (የፍለጋ መስፈርታችን) ውስጥ ኦብጀክትክላስ አለ፤ እሱ ለምን አያግዝም?» ትሉ ይሆናል። አንድ የኢንዴክስ ቁልፍ በዝርዝር የሚይዘው 65,536 ያህል መዝገቦችን ነው። ከዚያ ካለፈ ዝርዝሩ ቀርቶ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ድንበር ብቻ ይያዛል። ሁሉም ሰው ኢኔትኦርግፐርሰን (ለሰው መዝገብ የሚሰጥ ኦብጀክትክላስ) ከሆነ ድንበሩ ማንንም አያስቀርም፤ ስላፕዲ መዝገቦቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ያያል።

ለማረጋገጥ የሎግ ደረጃውን «ስታትስ» አድርጉና ፍለጋውን ድገሙት። «ሜይል ኖት ኢንዴክስድ» የሚል መስመር ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በውጤቱ መስመር ላይ ያለው «ኢታይም» ፍለጋው የፈጀውን ሰከንድ ይነግራችኋል፤ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ጻፉት።

ማስተካከያው በኤልዳፕሞዲፋይ ትእዛዝ የስላፕዲን ቅንብር መቀየር ነው። «ሜይል ኢኪው» የሚለውን ጨምሩ። ሲኤን ላይ ግን ብዙ ሰው ይሰናከላል፦ «ሲኤን ሰብ» ብሎ ለብቻው መጨመር አይቻልም፤ ኢንዴክሱ ተደግሟል ተብሎ ይመለሳል። በአንድ ትእዛዝ ነባሩን «ሲኤን፣ ዩአይዲ ኢኪው» አጥፍታችሁ «ሲኤን ኢኪው፣ ሰብ» እና «ዩአይዲ ኢኪው» ብላችሁ ተኩት። ስላፕዲ ሥራውን ሳያቋርጥ ኢንዴክሱን ከጀርባ ይሠራል። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ጀምሩት፤ ሳያልቅም ሰርቨሩን አታጥፉት። ከጠፋ ቀሪውን በስላፕኢንዴክስ (ኢንዴክስ በሚሠራው ትእዛዝ) መጨረስ ግድ ነው፤ ያውም ስላፕዲን አቁማችሁ። ስላፕኢንዴክስን በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ተጠቃሚ) ካስኬዳችሁት የፋይሎቹ ባለቤት «ኦፕንኤልዳፕ» የተባለው ተጠቃሚ መሆኑን አረጋግጡ፤ አለዚያ ስላፕዲ ተመልሶ ላይነሳ ይችላል። በግማሽ የቀረ ኢንዴክስ ከመዘግየትም ይከፋል፤ ሰውዬው ተመዝግቦ ሳለ የለም ይላችኋል።

ስለ «ሰብ» አንድ ነገር እንጨምር። ከቃል መሐል የሚፈለግ ቁራጭ ኢንዴክሱን የሚጠቀመው ቢያንስ 4 ባይት ሲሆን ነው። በላቲን ፊደል ሦስት ሆሄ ብቻ ከጻፋችሁ ኢንዴክሱ ይታለፋል። የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሆነ ሁለት ፊደል ይበቃል፤ ሆኖም በ4 ባይት ቁልፍ ውስጥ የሚገባው ከአንድ ፊደል እምብዛም ስለማያልፍ ማጣራቱ ደካማ ነው። ስሞቻችሁ በአማርኛ ከተመዘገቡ የፍለጋ ሳጥኑ ከስሙ መጀመሪያ፣ ቢያንስ ሦስት ፊደል እንዲቀበል አድርጉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኢታይም ከሰከንድ ኢምንት ክፍልፋይ ሆኖ ተጠቃሚው አሁንም የሚጠብቅ ከሆነ ዳይሬክተሪውን ተዉት። አፕሊኬሽኑ ለእያንዳንዱ ፍለጋ አዲስ ቲኤልኤስ (የተመሰጠረ) ግንኙነት ይከፍት እንደሆነና ዲኤንኤሱ (የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ፈጥኖ ይመልስ እንደሆነ እዩ።